ሆደ ባሻው እና ሆደ ጩቤው፦ ናርሲሲስት ከሳይኮፓት በምን ይለያል?

ያክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሰባት ደቂቃ ተኩል። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና ሰማኋት። ነገሩ የባሏ ነው። እሱ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ መለሰች፣ ገንዘቡ ጠፋ፣ ሽማግሌ ገባበት፣ ይቅርታ ተባለ፣ ከዚያ ያው በነበረበት። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ የምልህ፣ ቲክቶክ ላይ አንዷ ስታስረዳ ሰምቼ ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ናርሲሲስት ነው ወይስ ሳይኮፓት? አንተ ታነብ የለ፣ እስቲ ንገረኝ» አለች።

ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ግን ስለዚህ ጉዳይ ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ ጥያቄውም የእሷ ብቻ አይደለም። አሁን አሁን የተጣላነው ሰው ሁሉ ናርሲሲስት ሆኗል። የድሮ ፍቅረኛ ናርሲሲስት፣ አለቃ ናርሲሲስት፣ አማት ናርሲሲስት። ትንሽ ያስመረረን ደግሞ ሳይኮፓት ይባላል፣ ልክ ሳይኮፓት ማለት «የባሰበት ናርሲሲስት» ይመስል። አይደለም። አንዳንዴ አንድ ዓይነት ነገር ሲሠሩ ታገኟቸዋላችሁ፤ የሚሠሩበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

መልሼ የጻፍኩላት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ስትስቂበት ምን ይሆናል?»

ለምን ይሄን እንደጠየቅኳት ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። «እሱ» እያልኩ የምሄደውም ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው እንጂ ሴቶችም አሉበት።

መጀመሪያ «ሳይኮ» የምትለዋን ቃል እናጥራት። ብዙ ነገር ያበላሸችው እሷ ናት። እኛ ሰፈር ሳይኮ ማለት እብድ ማለት ነው። ቶሎ የሚግል፣ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ፣ «አማኑኤል መግባት ያለበት» ሰው። አማኑኤል ሆስፒታል የሚታከሙት ሰዎች ሕመም ግን ሌላ ነው። አንዱ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። ሌላዋ ጎረቤቷ መርዝ እያበላቻት እንደሆነ እርግጠኛ ናት። ይሄ ሳይኮሲስ ነው። ከእውነታ ጋር ያሰረን ገመድ ሲላላ ማለት ነው፣ መድኃኒትም አለው፣ ብዙዎቹም ሰው ከመጉዳት ይልቅ በሰው የሚጎዱ ናቸው። ሳይኮፓት ላይ ገመዱ ጥብቅ ነው። ሰዓቱን ያውቃል፣ ሂሳቡን ያውቃል፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ገንዘብ እንዳለው፣ ማን ብቸኛ እንደሆነ፣ ማን «እምቢ» ማለት እንደማይችል ከማናችንም ቀድሞ ያያል።

ይሄ ነገር ሐኪሞችን ለረዥም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፒኔል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ አእምሯቸው የማይቃዥ፣ ንግግራቸው የተስተካከለ፣ ሥራቸው ግን የእብድ የሆነ ሰዎችን አይቶ «መቃዠት የሌለበት እብደት» ብሎ ሰየመው። 1941 ላይ ደግሞ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ኦገስታ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ ሐርቬይ ክሌክሊ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ያያቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ተረካቸው። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። አይጨነቁም። ዋሽተው ሲያዙ ፊታቸው አይቀላም፣ ወዲያው ሌላ ውሸት ይደርባሉ። ያፈቅራሉ ስትላቸው ጥለው ይሄዳሉ፣ ከሄዱም በኋላ ምንም አይሰማቸውም። መጽሐፉን «የጤነኝነት ጭምብል» አለው። እኛ ይሄን ለማለት መጽሐፍ አላስፈለገንም፤ አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ ብለን ጨርሰነዋል።

ግን ተረታችንን አንድ ቦታ ላይ ላርመው። ሆዱ ውስጥ ያለው ጩቤ የግድ የጥላቻ ጩቤ አይደለም። ሳይኮፓቱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠላችሁም። ለመጥላት እንኳ ትንሽ ቦታ ሊሰጣችሁ ያስፈልጋል።

አማርኛ ርኅራኄን ያስቀመጠው አንጀት ውስጥ ነው። አንጀቴን በላው፣ ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ አልችል አለ እንላለን። የማናውቀው ልጅ መንገድ ላይ ሲደናቀፍ እጃችን ሳናዘው ወደፊት ይዘረጋል። ይህቺ ነገር ናት ሳይኮፓት ላይ ጸጥ ያለችው። ፍርሃትም አብሯት ጸጥ ይላል፣ ይሄኛው ክፍል ደግሞ በሙከራ ታይቷል።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሄር በ1960ዎቹ እስረኞችን አስቀምጦ ቀላል ነገር ሞከረ። ቁጥሮች ከ1 እስከ 12 በተራ ይመጣሉ። 8 ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ይሄ ቀድሞ ተነግሯቸዋል። እናንተ ብትሆኑ አስቡት። 3 ላይ መዳፋችሁ ማላብ ይጀምራል። 6 ላይ ወንበሩን ጨበጥ ታደርጋላችሁ። 7 ላይ ትንፋሻችሁ ይቆማል። ሌሎቹ እስረኞች ላይ ላቡ ቁጥሩን እየተከተለ ጨመረ። ሳይኮፓት የተባሉት ላይ ግን 8 እስኪደርስ ድረስ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ይነዝረናል ብለው ያውቃሉ። ዕውቀቱ ወደ ሰውነታቸው አልወረደም፤ እዚያው ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀረ።

ይሄን ካያችሁ ብዙ ነገር ይገባችኋል። ልጅ ሆነን የተማርነው ግማሹ ነገር በፍርሃትና በሰው ሕመም ነው የገባን። ነግ በኔ የሚባል ነገር አለ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እናቴ ትሰማለች፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ልጁን አስለቀስኩት። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ሆዳችን ውስጥ የሚነካው ሲያገኝ ነው። የሚነካው ካጣ ቅጣትም፣ ምክርም፣ የእናት እንባም ዝም ብሎ መረጃ ነው።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ ድፍን ነው ማለትም አይደለም። 2013 ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሳይኮፓት የተባሉ እስረኞች በአንጎል መመርመሪያ ውስጥ ተኝተው የሰው እጅ ሲመታ፣ ሲዳበስ የሚያሳይ ቪዲዮ ተመለከቱ። ዝም ብለው ሲያዩ አንጎላቸው የሌሎቻችንን ያህል አልተነካም። «እስቲ ሰውየው የሚሰማውን ለመሰማት ሞክሩ» ሲባሉ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። እኛ ላይ ርኅራኄ ሳይጠራ ይመጣል። እነሱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ይመስላል።

አሁን ወደ ሌላኛው።

ናርሲሲዝም ስሙን ያገኘው ከግሪክ ተረት ነው። ናርሲሰስ የሚባል መልከ መልካም ጎረምሳ ውሃ ውስጥ የራሱን ፊት አይቶ ከዚያ መነሳት አቃተው፣ እዚያው አለቀ። ፍሮይድ የሚባለው የኦስትሪያ የአእምሮ ሐኪም 1914 ላይ ጻፈበት። 1980 ላይ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ የስብዕና መታወክ ሆኖ ገባ። ዛሬ መመሪያው ዘጠኝ ምልክት ይዘረዝራል፣ ቢያንስ አምስቱ ካልተገኙ አይባልም። በዚህ ላይ ደግሞ ነገሩ ከወጣትነት ጀምሮ ያለ፣ ሥራውንም ቤቱንም ያበላሸ መሆን አለበት።

እኛ ጋ «ራሱን የሚወድ» ተብሎ ይተረጎማል። ግማሽ ትርጉም ነው። ራሱን ቢወድማ ኖሮ እኛን ምን ያደርገናል? ናርሲሲስት የራሱን ክብር ከውስጡ ማውጣት ያቃተው ሰው ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ ከሰው ይሞላል፣ እንደ ሞባይል ካርድ። ጠዋት «አንተ እኮ ልዩ ነህ» ተብሎ የተሞላው ማታ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ አያችሁት አይደል፣ ያኮርፋል፣ ያንቋሽሻል፣ ነገር ያነሳል፣ የሆነ ሰው ዝቅ እንዲል ይፈልጋል። በአማርኛ ባጭሩ ጥራው ብትሉኝ፣ ሆደ ባሻ የሆነ ጉረኛ ነው። ጉራውን ሁሉም ያያል። ሆደ ባሻነቱን ግን አብሮት የሚኖር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጉራ የማይነፋም አለ። ዝምተኛው። ማንም አይረዳኝም፣ እኔን የሚያስታውሰኝ የለም፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ስደክም ኖሬ ይኸው። ትሑት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙት ግን ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነው። ሊቃውንቱ ይሄኛውን ለብቻው ይጠሩታል፣ ሥሩ ግን ያው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የፈጠርኩት ነው፣ ግን እድር ያለበት ሰፈር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እንበልና የእድራችሁ ሊቀመንበር አንደኛው ዓይነት ነው። አዲስ ድንኳን በራሱ ገንዘብ አስገዛ። መልካም ሥራ ነው፣ እውነትም ሰው ተጠቅሟል። ከዚያ ግን ለቅሶ በተደረሰ ቁጥር «ይሄ ድንኳን የእገሌ ስጦታ ነው» መባል አለበት። አንድ ቀን ጸሐፊው ረሳው። ሊቀመንበሩ የዚያን ቀን ንፍሮ አልቀመሰም፣ ለሁለት ወር ስብሰባ አልመጣም፣ ሲመጣ ደግሞ የጸሐፊውን ሂሳብ ካልመረመርኩ ብሎ ድርቅ አለ። አሁን ሂሳቡ ጉዳዩ ይመስላችኋል?

ገንዘብ ያዡ ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሰው ይወደዋል። እናቶች «የኔ ጌታ» ይሉታል። ስሙ ተጠራ አልተጠራ ግድ የለውም፣ እንዲያውም ባይጠራ ይመርጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከካዝናው ሲቆነጥር ቆይቶ አንድ አዛውንት ይሞታሉ፣ ለቤተሰቡ የሚከፈለው ገንዘብ የለም። ለቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ ምርር ብሎ ያለቀሰው እሱ ነው። ሲነቃበትም አይቆጣም። «ልጄ ታሞብኝ ነው» ይላል። ልጅ የለውም።

ሊቀመንበሩ የሚፈልገው ዓይናችሁን ነው። ገንዘብ ያዡ የሚፈልገው ኪሳችሁን ነው። ሊቀመንበሩ ያለ እናንተ መኖር አይችልም፤ ገንዘብ ያዡ ሰፈር ይቀይራል።

አሁን «ስትስቂበት ምን ይሆናል» ወዳልኳት ልመለስ። 1998 ላይ ብራድ ቡሽማንና ሮይ ባውማይስተር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ድርሰት አጻፉ። ድርሰቱ ታርሞ ተመለሰ። ለአንዳንዱ «ግሩም ነው፣ የሚጨመር የለም» ተብሎ፣ ለሌላው «ካነበብኳቸው መናኛ ድርሰቶች አንዱ ነው» ተብሎ። ከዚያ ከአራሚው ጋር ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ በተሸናፊው ጆሮ ላይ ጩኸት ይለቅበታል፣ የጩኸቱን መጠን ራሱ ይመርጣል። በናርሲሲዝም መለኪያ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትና የተሰደቡት ተማሪዎች ጩኸቱን ከሁሉም በላይ ከፍ አደረጉት። የተመሰገኑ ጊዜ ግን እንደዚያ አልሆኑም። ሌላም አለ፤ ምንም ያልበደላቸው ሰው ላይ አልወጡበትም፤ የሰደባቸውን ሰው ነው የፈለጉት። ቁጣው አድራሻ አለው።

የሳይኮፓት ጭካኔ ግን መነሻው ስድብ መሆን የለበትም። መነሻው «እፈልጋለሁ» ነው። ይሄን የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ፣ ሁሌ ወደ አእምሮዬ ይመጣል።

ሐምሌ 1974፣ ሲያትል አጠገብ ያለ ሳማሚሽ የሚባል ሐይቅ። እሑድ ነው፣ ሞቋል፣ ዳርቻው በሰው ተጨናንቋል። አንድ ደልዳላ ወጣት ግራ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደ ሴቶች እየቀረበ «ጀልባዬን ከመኪና ላይ ላወርድ ነበር፣ ትረጂኛለሽ?» ይላል። ስሙንም ይናገራል፣ ቴድ ነኝ ይላል። አንዷ እሺ ብላ እስከ ቮልስዋገኑ ድረስ ሄደች። ጀልባ የለም። «ጀልባዋስ?» አለችው። «ወላጆቼ ቤት ናት፣ እዚህ ዳገቱ ላይ» አላት። አልችልም አለችው። ሰውዬው አልተቆጣም፣ ፊቱም አልጠቆረም። ቀድሞ ሳይነግራት መቅረቱ የእሱ ጥፋት እንደሆነ ነግሯት፣ አመስግኗት ሄደ። ትንሽ ቆይታ ከሌላ ሴት ጋር ሲሄድ አየችው። በዚያ ቀን ሁለት ሴቶች ከሐይቁ ጠፉ። ሰውዬው ብዙ ሴቶችን የገደለው ቴድ ባንዲ ነበር።

ያቺን «አልችልም» ላይ ያለችውን ቅጽበት ልብ በሉ። ናርሲሲስት እምቢ ሲባል ይቆስላል፣ ቁስሉም ፊቱ ላይ ይታያል። እዚህ ጋ ምንም የቆሰለ ነገር አልነበረም። ሱቅ ገብቶ ዕቃው የለም ሲባል ወደሚቀጥለው ሱቅ እንደሚሄድ ሰው ነው የሄደው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም፣ ቢያበቃ ልዩነቱን ለማስረዳት ምንኛ በቀለለኝ። 1979 ላይ ባንዲ ፍሎሪዳ ውስጥ ተከሶ ሳለ ጠበቆቹ ነፍሱን የሚያተርፍ ስምምነት አመጡለት፦ ጥፋቱን ያምናል፣ 75 ዓመት ይፈረድበታል፣ ከሞት ቅጣት ይድናል። የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ቆሞ ጠበቃውን ማጣጣል ጀመረ፣ ስምምነቱም ፈረሰ። ከዚያ ካሜራ ባለበት ችሎት ውስጥ ራሱ ጠበቃ ሆኖ ይንጎራደድ ገባ። የሕግ ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አዎ፣ አደረግኩ» ማለት ከሞት ይልቅ የከበደው ይመስላል። 1989 ጥር ላይ በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። ሐይቁ ዳር የነበረው ሳይኮፓቱ ነው፤ ችሎት ውስጥ የተንጎራደደው ናርሲሲስቱ ነው። አንድ ሰው ናቸው። ለችሎቱ ከመረመሩት ሐኪሞች አንዱ ማን ነበር መሰላችሁ? ቅድም ያነሳሁት፣ አርጅቶ የነበረው ክሌክሊ።

መደራረቡ በባንዲ ላይ ብቻ የታየ አይደለም። ሄር ኋላ ላይ ሳይኮፓቲን የሚለካ መመዘኛ ሠራ፣ 20 ነጥቦች አሉት። አፈ ጮሌነት፣ በሽታ የሆነ ውሸት፣ ጸጸት ማጣት፣ በሰው ላብ መኖር እያለ ይዘረዝራል። እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 40 ይደርሳል፣ በሰሜን አሜሪካ 30 የደረሰ ሳይኮፓት ይባላል። ከሃያዎቹ አንዱ «ራሱን ከመጠን በላይ ትልቅ አድርጎ ማየት» ነው። ስለዚህ ሳይኮፓት ላይ ትንሽ ናርሲሲዝም ብታገኙ አይግረማችሁ። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ አብዛኛው ናርሲሲስት ሳይኮፓት አይደለም። ያለቅሳል፣ ያፍራል፣ ልጁ ሲታመም ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል፣ በነጋታው ደግሞ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደሩን ለሰፈር ሁሉ ያወራል።

እግረ መንገዴን፣ ያ የ20 ነጥብ መመዘኛ የሚሞላው በሠለጠነ ባለሙያ፣ ለሰዓታት ቃለ መጠይቅ አድርጎ፣ የሰውዬውን መዝገብ አገላብጦ ነው። ስልክ ላይ «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» እያሉ የሚሞላ መጠይቅ አይደለም። ደግሞ ሳይኮፓቲ ቅድም ባነሳሁት የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ለብቻው የቆመ የሕመም ስም የለውም፤ እዚያ የተጻፈው ፀረ ማኅበራዊ የስብዕና መታወክ የሚባለው ነው፣ ሰፊ ነው፣ ብዙ ሳይኮፓት ያልሆነ ወንጀለኛም ይይዛል። ከሕዝቡ ሳይኮፓት የሚባለው አንድ በመቶ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ብዙዎቹ ሰው ገድለው አያውቁም። ያታልላሉ፣ ይበደራሉ፣ ያገባሉ፣ ይጠፋሉ።

የእኛን ሰው በጣም የሚጎዳው ቦታ ሽማግሌ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሽምግልናችን የሚሠራው በይሉኝታ ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ሰውዬው ያፍራል፣ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ የሰው ፊት ያየ ሰው ይመለሳል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆደ ባሻው ላይ ግን ዘዴ ይፈልጋል። በሰው ፊት ካዋረዱት ቤት ገብቶ ቂሙን የሚወጣው በእሷ ላይ ነው። ብልህ ሽማግሌ ይሄን ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል፤ «አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይሄ ለስምህ አይመጥንም» ብሎ ይጀምራል፣ ስሙን ይዞ ይጎትተዋል። አንዳንዴ ይሠራል።

ሆደ ጩቤው ላይ ግን ያው ሽምግልና መድረክ ይሆናል። ድንጋይ ተሸከም ቢሉት ከማንም የከበደውን ተሸክሞ ይመጣል። ጉልበት ይስማል። እንባው ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ልባቸው ተነክቶ «ልጄ፣ እንዲህ የተጸጸተን ሰው እምቢ ማለት ግፍ ነው» ይሏታል፣ አሁን ጨካኟ እሷ ሆናለች። ይቅርታ ማለት ለእሱ ቁልፍ ነው፤ በሩን ከፈተ፣ ገባ። ለዚህ ሰው ሽማግሌ ከመላክ ይልቅ ወረቀት ይሻላል። ውል፣ ፊርማ፣ ምስክር፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ። ጸጸቱን ተዉት፣ መቼ እንደሚመልስ ጠይቁት።

ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ይሄን ልብ የመንካቱን ነገር በትልቁ ሞክረውት ነበር። ፔኔታንግዊሽን በሚባል ከተማ ያለ የአእምሮ ሕሙማን ማረሚያ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ታሳሪዎቹን ራቁታቸውን መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ለቀናት አብሮ ይዘጋባቸዋል፣ ኤልኤስዲ የሚባል የሚያቃዥ ዕፅ ይሰጣቸዋል፣ ቀን ከሌት ስለ ስሜታቸው እንዲያወሩ ይደረጋል። ልባቸው ይከፈታል ተብሎ። 1992 ላይ የወጣ ጥናት ከዚያ የወጡትን ተከታተለ። በፕሮግራሙ ያለፉት ሳይኮፓቶች፣ ዝም ብለው እስር ቤት ከተቀመጡት ይልቅ ኃይል ያለበት ወንጀል አብዝተው ፈጽመዋል። ተመራማሪዎቹ የገመቱት ምክንያት ያንን ሽምግልና ያስታውሰኛል፤ ሰዎቹ ርኅራኄን አልተማሩም፣ ስለ ርኅራኄ ማውራትን ተማሩ።

ተስፋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሜንዶታ የሚባል የወጣት ጥፋተኞች ማከሚያ ማዕከል ከ1995 ጀምሮ የባሱ የተባሉትን ልጆች ይቀበላል። ቅጣት እንደማይነካቸው ያውቃል፣ ስለዚህ በሽልማት ይሄዳል። ዛሬ ካልተማታህ ዛሬውኑ ትንሽ ነገር ታገኛለህ፣ ነገም እንደዚያው። ልባቸውን ለመቀየር አይታገልም፣ ሂሳባቸውን ይቀይራል። ሲወጡ ኃይል የቀላቀለ ወንጀላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ናርሲሲስት ደግሞ ወደ ሐኪም የሚሄደው ናርሲሲስት ነኝ ብሎ አይደለም። ትዳሩ ፈርሶ፣ ከሥራ ተባሮ፣ ድብርት ይዞት ነው። ከመጣ ግን የሚሠራበት ነገር አለ፣ ምክንያቱም ሕመሙ ይሰማዋል። መንገዱ ረዥም ነው፣ በመካከልም ሐኪሙን አንቋሽሾ የሚሄድ ብዙ ነው።

ከየት ይመጣል? ባጭሩ፣ ሳይኮፓቲ ላይ አፈጣጠር ከበድ ይላል። እንግሊዝ ውስጥ የሰባት ዓመት መንትዮች ላይ የተሠራ የ2005 ጥናት፣ ርኅራኄ ማጣት ላይ በልጆች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይሄን ሰምታችሁ «ዘራቸው ነው» ማለት እንዳትጀምሩ፤ ጥናቱ የሚለው እሱን አይደለም፣ አስተዳደግም የራሱ ድርሻ አለው። ናርሲሲዝም ላይ ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ 565 ልጆችን ከነወላጆቻቸው የተከታተለ የ2015 ጥናት አለ። «የኔ ልጅ ከሌሎች ልጆች ይበልጣል» የሚሉ ወላጆች ልጆች ላይ ናርሲሲዝም ጨመረ። ዝም ብሎ የሚወደድ ልጅ ላይ ግን የጨመረው በራስ መተማመን ነው፣ ጉራ አይደለም። ልጅን «እወድሃለሁ» ማለትና «ከነእገሌ ትበልጣለህ» ማለት አንድ አይደሉም። ፈተና በወጣ ቁጥር «ስንተኛ ወጣ?» የምንል ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ዝም እንበል።

ያክስቴ ልጅ ለጥያቄዬ የመለሰችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በድምፅ አልነበረም፣ በጽሑፍ። «ስቄበት አላውቅም።»

ብዙ ጊዜ አየሁት ጽሑፉን። ከዚያ ደወልኩላት። ስለ ናርሲሲዝም አንድም ቃል አላወራንም። ባንክ ያለው ገንዘብ በማን ስም እንደሆነ ጠየቅኳት። በእሱ። የልጆቹ የልደት ካርድ የት እንዳለ ጠየቅኳት። አላወቀችም። ማታ ድንገት ብትወጪ ማን ቤት ትሄጃለሽ አልኳት። «እ…» አለች፣ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ ድምፅዋ ፈካ ብሎ «እሺ እማዬ፣ ነገ እደውልልሻለሁ» ብላኝ ዘጋችው።